መቀሱን ማን ሰበረው?

በ31ኛው የንግሥና ዓመት፣ 2ኛ ወር፣ ቀን 5
ከዋስ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ

ድምቡሼ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ደግሞ እመነኝ። «ጽሕፈትሽ ለምን ተንጋደደ?» ብለህ አራት መስመር ሙሉ ስትጨነቅ ሳነብ ሳቄ መጣ። የስፌት መኪናው መርፌ ሌባ ጣቴን ወግቶኝ በፋሻ ጠቅልዬው ነበር፤ በቃ ይኸው ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ጣቴን ሰፋሁት። አባባ በሕይወት ቢኖር ሳምንት ሙሉ ይስቅብኝ ነበር።

ስለ ክፍሌ ለጠየቅኸኝ፣ ምንም አልተለወጠም። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። ከመስኮቱ የባቡር ፌርማታው ይታያል፤ ሰው ሲሮጥ፣ ሲያመልጠው፣ ሲሳደብ እያየሁ ቁርሴን እበላለሁ። አንተ የአየር ቤት ሹም በሆንክ ማግስት ዕቃዬን ሸክፌ ዋስ ሆኜልህ እዚህ ከገባሁ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንተ ብታጠፋ እኔ እጠየቃለሁ፤ ሹመትህ ከፍ ቢል ደግሞ እኔ ፎቅ እወጣለሁ። እስቲ አንድ ፎቅ እንኳ አውጣኝ፣ ፌርማታው ሰልችቶኛል!

የእናንተ እንደራሴ እናት ሰባተኛ ላይ ናቸው። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ «ልጄ ወንድምሽን አያስቸግረውም አይደል?» ይሉኛል። «ኧረ እማማ፣ እሳቸውን የሚያስቸግራቸው ወንድሜ ነው» እላቸዋለሁ። አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ግን ባዶ ነው። አንድ ቀልደኛ ሰውዬ ቁርስ ላይ «እሱ የንጉሠ ነገሥቱ ዋስ የሚገባበት ነው፤ ዋሱ ገና አልተወለደም» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው ቁርስ ላይ ታይቶ አያውቅም። እኔ በቀልዱ አልሳቅኩም። ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት ለሚያነቡት ሰውም አለመሳቄን አስታውቃለሁ።

እነሱ እንደሆነ የማያውቁት ነገር የለም። ስገባ ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጠው ስለ ቤተሰባችን ጠይቀውኛል፤ የእናታችን የጥርስ ሕመም፣ የአባባ ደንበኞች፣ እኔ የአባባን መቀስ ሰብሬ የተገረፍኩበት ቀን ሳይቀር ፋይሌ ውስጥ አለ።

አንተስ? ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎችህ ስለ ሥራህ ትንፍሽ አላልክም። ለምን ፈቃድ ወስደህ መጥተህ አታየኝም? የታችኛው ሰፈር ሰዎችስ ደህና ናቸው? ምን ደበቅከኝ?

እህትህ


2ኛ ወር፣ ቀን 18
ከአየር ቤት

እትዬ፣

ጣትሽን እግዜር ይማርልሽ። ስላሾፍሽብኝ ግን አልቀየምኩም፤ እንዲያውም ማሾፍሽን ሳይ ደስ አለኝ፣ አንቺ መሆንሽን አወቅሁ።

አንድ ነገር ግን አልጣመኝም። ደብዳቤሽ ለሁለት ታጥፎ ነው የመጣው። አንቺ ወረቀት የምታጥፊው እንደ ሸሚዝ ነው፤ ሁለቱን ጎን ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች። አሥር ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲመጣልኝ ነበር። አንባቢው ከፍቶ ሲመልሰው አጥፎት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይሆናል አይደል?

ስለ ሥራዬ የምደብቅሽ ነገር የለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሦስተኛው የአየር ማጣሪያ አርጅቶ እንደ ሽማግሌ ይስላል፤ እኔና ሁለቱ ቴክኒሻኖች ቀኑን ሙሉ ሥሩ ተንበርክከን እንውላለን። «ለምን ፈቃድ ወስደህ መጥተህ አታየኝም?» ላልሽው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አይቻልም። እዚህ ጨረቃ ላይ እንደራሴው ያዝዛሉ እንጂ የአየር መዝጊያዎቹን መንካት አይችሉም። እኔ እነካለሁ እንጂ ማዘዝ አልችልም። ማሽኑ የሚያውቀው የእኔን መዳፍ ብቻ ነው። ስሾም ሽማግሌው ሹም እጁን እጄ ላይ ደርቦ፣ ወዶና ፈቅዶ ነው ያስረከበኝ፤ እኔም ወድጄ ለሌላ ካላስረከብኩ ሌላ እጅ አይቀበልም። ድሮ ይህን ደንብ ያወጡት አንዱ ሹም ሌላውን እንዳይውጠው ነው ይላሉ። አሁን እንግዲህ ሁላችንም እንደተያያዝን ቀርተናል።

የታችኛው ሰፈር ሰዎች ደህና ናቸው። ለምን እንደጠየቅሽኝ ግን አልገባኝም፤ ስለ እነሱ ጽፌልሽ አላውቅም። ማን ነገረሽ?

ጣትሽ ሲድን በራስሽ አጣጠፍ አጥፈሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ


3ኛ ወር፣ ቀን 1
ከዋስ ቤት

ድምቡሼ፣

ማን ነገረሽ ትለኛለህ? አንተ ልትነግረኝ የሚገባህን ነገር ቢሮ ጠርተው ነገሩኝ! የአራተኛ ፎቅ ተቆጣጣሪ ሻይ አቀረበልኝ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሻይ ሲያቀርብልኝ የመጀመሪያው ስለሆነ ያኔውኑ ነገሩ እንዳላማረ ገባኝ።

ትእዛዙ ከደረሰህ ሁለት ወር ሊሆነው ነው አሉኝ። አዲሱ አዋጅ ከሹም ብቻ ሳይሆን ከየቤቱ አንድ ሰው ዋስ ይሁን ብሏል። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ልጆቻችንን አናስይዝም ብለው ስም ዝርዝር ከለከሉ። ስለዚህ እስከ አራተኛው ወር መጨረሻ ካልሰጡ የሰፈሩን አየር እንድትዘጋ ታዝዘሃል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ቁጥሩን ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ ደገመልኝ፣ እንደማልሰማ ሁሉ። አንተ ግን ማጣሪያ ሳለ፣ ማጣሪያ ተኛ ትለኛለህ። ዓይንህ ላፈር! ከእኔ ደብቀህ ለማን ልትነግር ነው?

ትእዛዙን እንድትፈጽም እንድመክርህ ተነግሮኛል። ይኸው፣ መከርኩህ።

ባትፈጽም እኔ ምን እንደምሆን አልነገሩኝም፤ መንገርም አላስፈለጋቸውም። ከእኔ ሁለት ክፍል አልፎ ያለችውን ሴት የወደብ ሹም ባሏ ጥፋት ተገኝቶበት ባለፈው ሳምንት ወስደዋታል። ጫማዋ እስከ ዛሬ በሯ ላይ አለ። ሁላችንም እንዳንነካው ዘወር ብለን እናልፋለን። ተቆጣጣሪው ግን ትናንት መዝገቡ ላይ ከስሟ ትይዩ «ደብዳቤ ልካለች» ብሎ ሲሞላ አይቻለሁ። ዓይኔ ነው ብዬ አለፍኩት።

ደብዳቤውን በራሴ አጣጠፍ አጥፌዋለሁ። እንዴት ሆኖ እንደሚደርስህ ግን አላውቅም።

ሳትበላ እንዳትውል። እናታችን «ይኼ ልጅ ሲጨንቀው መብላት ይተዋል» ስትል ትዝ ይለኛል።

እህትህ


3ኛ ወር፣ ቀን 14
ከአየር ቤት

እትዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለደበቅኩሽም፣ አሁን ስለምጽፈውም።

ደብዳቤሽ ለሁለት ታጥፎ ደረሰኝ።

እዚህ ውሃ ሹም የሚባል ሰው አለ፣ ከእኔ ቢሮ ትይዩ ነው የሚሠራው። ሚስቱ ዋስ ቤት ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ትጽፍለት ነበር፤ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት፣ ስለ ሁሉም። በቀደም በመንኮራኩር የመጣ ምግብ አብሳይ የእሷን ጎረቤት አውቆ ኖሮ፣ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው አለው። ውሃ ሹሙ ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «እስቲ አንተ እይልኝ፣ ጽሕፈቷ አይደለም?» ይለኛል። ጽሕፈቷ ነው። ቀልዷም ሳይቀር የእሷ ነው። ሰውዬው አላለቀሰም፣ አንድ በአንድ ሰበሰባቸውና ወጣ። አንጀቴን በላው።

ስለዚህ ጠረጠርኩሽ፣ እትዬ። አንቺን ሳይሆን ወረቀቱን ጠረጠርኩት። ድምፅ ወይም ምስል ልላክልህ እንዳትዪኝ። የሰው ፊት መሥራት የማይችል ማሽን ዛሬ የለም፤ መንግሥቱ ራሱ ማንም ማንንም ማመን ቢያቅተው አይደል ወደ ወረቀት የተመለሰው?

ሳልደብቅ ልንገርሽ። አንቺ ካለሽ እጄ ታስሯል። አንቺን አሳልፌ መስጠት አልችልም፤ የእነዚያን ሰዎች አየር መዝጋትም አልችልም፣ አንዱን ግን ማድረግ አለብኝ። ከታችኛው ሰፈር አዋላጇ መጥታ አነጋግራኛለች። «ያዋለድኳቸውን ልጆች ቆጥሬ ለሹም አላስረክብም፤ አንተም የምታደርገውን አድርግ» አለችኝ። ልትለምነኝ አይደለም የመጣችው፤ ቁጭ ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

አንቺ ከሌለሽ ደግሞ እጄ ተፈቷል። ይህን መጻፌ አሳፍሮኛል። እህት ሞታለች ወይስ አለች ብሎ የሚያሰላ ወንድም ምን ዓይነት ወንድም ነው?

አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። የአባባን መቀስ ማን ሰበረው?

ወንድምሽ


3ኛ ወር፣ ቀን 27
ከዋስ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ተቀብዬ በጣም ደስ አለኝ። ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔ በጥሩ ሁኔታ ላይ እገኛለሁ። ምግቡም፣ መኝታውም፣ አስተዳደሩም መልካም ነው።

ስለ መቀሱ ጠይቀኸኛል። የምን ጥያቄ ነው ይሄ? የአባባን ትልቁን መቀስ የሰበርኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ አንተ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክና ላታስታውሰው ትችላለህ። ለጨዋታ ወስጄው ጫፉን ሰበርኩት፤ አባባም በመለኪያው እንጨት ገረፈኝ። ጥፋቴን አምኜ ተቀብያለሁ። አሁንም ሳስበው እጸጸታለሁ።

እንግዲህ ጥርጣሬህ እንደተወገደ ተስፋ አደርጋለሁ። የውሃ ሹሙን ታሪክ የነገረህ ሰው ሐሜተኛ ይመስለኛል፤ በዋስ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ትእዛዝህን በወቅቱ ፈጽም። ይህን የምልህ ተነግሮኝ ሳይሆን ለአንተ አስቤ ነው። መንግሥት ለሁላችንም ያስባል፣ እኛም ለመንግሥት ልናስብለት ይገባል።

በጤና ቆይልኝ።

እህትህ


4ኛ ወር፣ ቀን 10
ከአየር ቤት

የእህቴን ጽሕፈት ለሚጽፈው ሰው፣

እርስዎን አላውቅዎትም፤ ወንድ ይሁኑ ሴት አላውቅም። እጅዎ ጥሩ ነው። «ረ»ን የምትጠመዝዝበትን ሳይቀር አስመስለዋል። አዝናለሁ፣ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ነገር ስህተት ነው።

መቀሱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከቆርቆሮ የመጫወቻ ጎማ ልቆርጥበት ስል ጫፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አባባ በሩን ከፍቶ ሲገባ እኔ መቀሱን ከኋላዬ ደብቄ ቆሜ ነበር። እህቴ ፊቱን አየችው፣ ከዚያ የእኔን ፊት አየች፣ ማንም ሳይጠይቃት «እኔ ነኝ» አለች። እየተገረፈች በአንድ ዓይኗ ጠቀሰችኝ። እውነቱን ነገ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ያ ነገ ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። አባባ ሞተ፣ እናታችን ሞተች፣ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ዋስ ቤት ስትገባ ለመዝጋቢዎቻችሁም ያንኑ ነው የነገረቻቸው፤ ለእኔ ብላ አንዴ የተናገረችውን ለማንም ስለማትቀይር ነው። ብቻችንን ስንሆን ግን ስለ መቀስ በተነሣ ቁጥር ጆሮዬን ቆንጥጣ «አንተ ሌባ» ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም።

እህቴ ብትኖር «አንተ ሌባ» ብላ ትጽፍልኝ ነበር። ስለዚህ እህቴ የለችም።

መቼ እንደሞተች ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ጽሕፈቷ የተንጋደደ ጊዜ ነው? ወረቀቱ ለሁለት መታጠፍ የጀመረ ጊዜ ነው? ስለ ጣቷ ያነበብኩት፣ የሳቅኩበት፣ ያ ሁሉ የእርስዎ ነበር? እንዲያ ከሆነ ቀልድ ይችላሉ፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን እናወራ ነበር።

ቴክኒሻኖቼ ሦስት ቀን አብረውኝ ለቅሶ ተቀመጡ። አዋላጇም መጣች። ውሃ ሹሙ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዋለ። እንደራሴው ራሳቸው መጥተው «እህትህ በሕይወት አለች፣ ቃሌን እሰጥሃለሁ» አሉኝ። «የእርስዎ እናትስ?» አልኳቸው። ቆባቸውን አንሥተው ሄዱ።

እንግዲህ ደንባችሁ ዋስ ነው። እኔ ዋስ የለኝም። የታችኛው ሰፈር መዝጊያ ክፍት ነው፣ ክፍት ይሆናል። እጄንም ለሌላ አላስረክብም። ብትጎዱኝ ይህችን ጨረቃ የሚያስተነፍስ እጅ የለም፤ እንደራሴውም የሚተነፍሱት ከእኔው ነው። ከእንግዲህ ወረቀት አትላኩልኝ።

መቀሱን አባባ ሲጥለው አንሥቼ አስቀምጬው ነበር። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

የአየር ቤት ሹም


5ኛ ወር፣ ቀን 5
ከመንኮራኩሩ፣ ከልብስ ማጠቢያ ክፍል

አንተ ሌባ፣

ተቀመጥ። ውሃ ጠጣ። አልሞትኩም።

ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት ማንም አላነበበውም፤ የተጣጠፈው በእኔ እጅ ነው፣ እየው። ያኛዎቹን ለሁለት ያጥፋቸው የነበረው አዲሱ አንባቢ ነው። ያመጣችልህ የመንኮራኩሩ ልብስ አጣቢ ናት። አንሶላ ስትሰፋ አግዣት ተግባብተናል። ሠራተኛ ወዲያው ይወርዳል፣ መንገደኛ ግን ለምርመራ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ እሷ ትቀድመኛለች። አዎ፣ እኔ እየመጣሁ ነው። ቆይ፣ ገና አትደሰት።

ጥያቄህ ሲደርሰኝ ልክ እንደ ያኔው ፊትህን አየሁት። መቀሱን ከኋላህ ደብቀህ የቆምክ መሰለኝ። እውነቱን ብጽፍልህ እኔን ለማዳን ያን መዝጊያ ትዘጋዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሬሳ ላይ አትኖርም፣ አውቅሃለሁ። ስለዚህ እኔ ነኝ የሰበርኩት አልኩህ። ሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁልህ፤ በዚህኛው ግን መጥቀሻ ቦታ አጣሁ። «ውድ ወንድሜ» ብዬ ስጀምር እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። አስተዳደሩ መልካም ነው ያልኩበት ቦታ ላይ ደግሞ ሳቄን ይዤ ሞቼ ነበር። ተቆጣጣሪው አንብቦ «አሁን ገና ደብዳቤ መጻፍ ቻልሽ» አለኝ።

መልስህ ሲመጣ ቢሮው ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ስለ ጥቅሻዬ የጻፍከው ጋ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የገዛ ለቅሶዬን ሰማሁ፣ ድምቡሼ፤ ስንት ሰው ይህን ያገኛል? ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ደበደበ። ምን ያድርጉኝ? ቢገርፉኝ አንተ ጋ አይሰማም፣ ቢገድሉኝ ለአንተ ድሮ ሞቻለሁ። ጣትሽን ቆርጠን እንላክለት ያለም ነበር፤ ሌላው «የማንም ጣት ነው ይላል» አለው። ለካ እኛን የሚይዙን እርስ በርስ በመተማመናችን ነበር!

የእንደራሴው እናት ሊፍት ውስጥ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ በልጅነቱ ምን ብዬ እጠራው እንደነበር ጽፎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?» አሉኝ። «እማማ፣ እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት» አልኳቸው። በሳምንቱ በጆሮዬ «የጎረቤታችንን ልጅ ስም ጻፍኩለት» ብለው በደረጃው እየሳቁ ወጡ፤ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ፣ በእግራቸው! ከዚያ ወዲህ አምስተኛ ፎቅ ላይም፣ ሦስተኛ ላይም የሚሳሳቱ ሰዎች በዝተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። በግዛቱ ሁሉ ዋስ የሌለው ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር። አሁን አንተ ሁለተኛ ሆነሃል፤ እየበዛችሁም ሳትሄዱ አትቀሩም።

አሁን ነገሬን ስማኝ። የቀራቸው አንድ ነገር ስለሆነ በአካል ሊያሳዩህ ላኩኝ። ከበሩ ሲያወጡኝ እንደራሴው፣ አንባቢው፣ የዋስ ቤቱ መልእክተኛ ቆመው የአንተን ፊት ነው የሚያዩት። እኔን ካወቅኸኝ ገመዱ ተመልሶ አንገትህ ላይ ነው። ስለዚህ አታውቀኝም። አፈር ስሆን፣ አታውቀኝም። ዓይኔን ማየት ካቃተህ ጫማዬን እይ። እኔም አላውቅህም። ሸብተሃል ብለውኛል፤ ሳቅ ካመለጠኝ ሳል አስመስለዋለሁ።

ዝምድናው በሹሙ ያልተረጋገጠ ሰው ወደ ዋስ ቤት አይመለስም ይላል ደንባቸው። አንብቤዋለሁ። እዚያው የትም ይጥሉኛል። አንተ ባለህበት ሰፈር እኖራለሁ፣ መንገድ ላይ እንተላለፋለን። ሰላም እንኳ አንባባልም፤ ምናልባት ዓመት፣ ምናልባት እስክናረጅ። አሥር ዓመት ላቅፍህ ስጠብቅ ኖሬ፣ ስደርስ አትቀፈኝ ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚያም አትጠይቀኝ። ሆድ ብሶኛል። ግን ከዚያ ቤት መስኮት ፌርማታ ከማይ፣ አንተ ስታልፍ ባይ ይሻለኛል።

አንብበህ አቃጥለው።

እትዬህ


5ኛ ወር፣ ቀን 9
ከአየር ቤት ሹም
ለእንደራሴ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ስለ ቀረበችው ሴት

በዛሬው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት በመንኮራኩር ማረፊያው ሦስተኛ በር፣ ክቡር እንደራሴ፣ የደብዳቤ አንባቢውና ከዋስ ቤት የመጡት መልእክተኛ ባሉበት፣ እህትህ ናት ተብላ የቀረበችልኝን ሴት ከአምስት እርምጃ ርቀት፣ በኋላም በቅርበት ተመልክቻለሁ። አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ስታየኝ አላለቀሰችም። ስትቀርበኝ ትንሽ አስሏታል። በመልእክተኛው ጥያቄ እጇን ጨብጫለሁ፤ ሌባ ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ።

እህቴ አይደለችም።

እንደምታውቁት እኔ እህቴን ቀብሬ እርሜን አውጥቻለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዳልጠየቅ አሳስባለሁ። የታችኛውን ሰፈር መዝጊያ በሚመለከት መልሴ ያው ነው። ክቡር እንደራሴም በዚህ ጉዳይ ላይ ዛሬ ምንም ትእዛዝ አልጨመሩም። መልእክተኛው «ክቡርነትዎ፣ እናትዎን ያስቡ» ሲሏቸው «እናቴን መቼ አመጣችሁልኝ?» ብለው ወደ ቢሮአቸው መመለሳቸውን ሁላችንም ሰምተናል።

ሴትዮዋ ዝምድናዋ ስላልተረጋገጠ በደንቡ መሠረት ወደ ዋስ ቤት መመለስ አይገባትም። እዚህ የሚያውቃት ሰው የለም። የታችኛው ሰፈር አዋላጅ ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል እሰጣታለሁ ብላለች። ስፌት ትችላለች ስለተባለ፣ በአየር ቤት ውስጥ የማጣሪያ ጨርቅ በመስፋት ሥራ ላይ እንድትመደብ እጠይቃለሁ። ጠረጴዛዋ ከቢሮዬ መስኮት ፊት ለፊት ቢሆን ሥራዋን ለመቆጣጠር ያመቸኛል።

የሥራ ዕቃ ከመጋዘን እስኪወጣላት ድረስ ከመሳቢያዬ አንድ አሮጌ መቀስ አውጥቼ አስረክቤያታለሁ። ጫፉ የተሰበረ ነው፤ ይሁን እንጂ ይቆርጣል። ወደፊት ዕቃ ሲቆጠር በእሷ ስም ጉዳት ተብሎ እንዳይያዝባት፣ በዚህም እንዳትጠየቅ፣ መቀሱን የሰበርኩት እኔ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የአየር ቤት ሹም